የእድራችን መቅረጫና የድሮ አለቃዬ

የድሮ አለቃዬን በአደባባይ አንቱ እለዋለሁ። ዕድሜውም ይገባዋል፣ የእድራችን ሊቀመንበርም ነው፣ ሰውን በሰው ፊት ማክበር ደግሞ እናቴ ያስተማረችኝ ነገር ነው። እዚህ ግን ወረቀቱም ብዕሩም የእኔ ስለሆነ እሱ እያልኩ እጽፋለሁ። ስሙን አልጠራም። ለእሱ አዝኜ አይደለም። ስሙን ከጻፍኩ ልጆቹ እየመጡ ይጨቀጭቁኛል፤ ጭቅጭቅ ደግሞ ከአባታቸው የወረሱት ብቸኛ ሀብት ነው።

ሁለታችንም የወጣነው ከአንድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። እሱ በአንድ ዓመት ይቀድመኛል። ያቺ አንድ ዓመት እስከ ጡረታችን ድረስ አለቃዬ አድርጋ አኖረችው። የተቀጠርንበት መሥሪያ ቤት ካዛንቺስ ነበር፤ ስብሰባ የማይጠፋበት፣ ስብሰባው ሁሉ የሚቀረጽበት ቤት። መቅረጫዎቹ ማይካቸው ሆዳቸው ውስጥ የተቀበረ ነበር፤ መጠኑ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ያቺ ቁልፍ የምታህል ነገር ስትበላሽ መቅረጫው በሙሉ ሞተ ይባልና መጋዘን ይገባል። መለዋወጫ አልነበረም።

እኔ ከተጣሉ የጠረጴዛ ስልኮች ውስጥ ማይክ እያወጣሁ በመቅረጫዎቹ ሆድ ውስጥ መትከል ጀመርኩ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሁለት ሽቦ መበየድ ነው። ግን ከማይኩ ሁለት እግሮች አንደኛው ከቆርቆሮ ልብሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱ ወደ ግራውንድ፣ ወደ መሬት መስመሩ ማለት ነው፣ ይሄዳል። ሽቦዎቹ ከተዛቡ ማይኩ ያኮርፋል። ስታኞውን፣ የብየዳ እርሳሱን፣ እያቀለጡ ብዙ ከቆዩበት ይቃጠላል። የጎማ ማቀፊያውን ረስተው ከዘጉት ደግሞ መቅረጫው የተሰብሳቢውን ንግግር ትቶ የራሱን ሞተር ጉርምርምታ ብቻ ይቀርጻል። ይህን ጠባይ በሰውም ላይ አይቻለሁ።

መጋዘን የገባው ሁሉ እየተነሣ ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን አዳራሽ ተሰበሰብንና፣ የተበላሹ መቅረጫዎችን በግል ጥረቱ ስላዳነ ተብሎ ለአለቃዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ማለትስ ይችልበታል። እኔ ከኋላ ረድፍ ነበርኩ። ከፊቴ የአለቃዬ ታይፒስት ተቀምጣለች። አጠገቧ የነበረ እንግዳ ወደ እኔ እያየ፣ "ያቺስ ከእሳቸው ክፍል ናት?" ብሎ ጠየቃት።

"አዎ፣ ሻይ የምታፈላላቸው ናት" አለችው።

ሰማሁ። ማይክ ስትነካካ የኖረች ሴት ጆሮ አላት። ሻይ አፍልቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ መበየጃው እስኪግል ቁጭ ብዬ ከማየው ብዬ አፈላ ነበር። ግን የእኔ ጠረጴዛ ከሴትየዋ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነበር። ቀኑን ሙሉ መነጽሬን አድርጌ ሽቦ ስልጥ ታየኝ ነበር። አይታ ነው ያለችው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው። ረስቼዋለሁ ማለትም ይቻላል፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ ብቻ ነበር የማስታውሰው።

የምንኖርበትም ካዛንቺስ ነበር፤ በልማት ሲነሳ የሰፈራችን ሰው ተበተነ። እኔ ላንቻ ቤት አገኘሁ። አለቃዬም ላንቻ ቤት አገኘ፤ ይሄ የእኔ ዕድል ነው። ብዙዎቹ ግን ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ ታይፒስቷም ከእነዚያ አንዷ ናት። እድሩ ግን አልፈረሰም። ሰው ቤቱን ይለቃል እንጂ ቀባሪዎቹን አይለቅም። በየወሩ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላንቻ እንሰበሰባለን፤ መምጣት ለማይችሉት ስብሰባው በትንሽ መቅረጫ ይቀረጽና በቴሌግራም ይላክላቸዋል። ማን እንደሞተ፣ ማን ሆስፒታል እንደገባ፣ ድንኳን መትከል የማን ተራ እንደሆነ የሚሰሙት በዚያ ነው። በስልክ ቅረጹት ያለ ሰው ነበር። ሞከርነው። መሃል ላይ የእድሩ ጸሐፊ ሚስት ደውላ ቀረጻው ተቋረጠ፤ ስልኩም ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ስብሰባው በሙሉ ሽንኩርት ይዞ እንዲገባ መታዘዙን ሰማ። ወደ መቅረጫው ተመለስን።

ባለፈው ክረምት መቅረጫው ዝም አለ። ለሩቆቹ የደረሳቸው፣ መጥበሻ ላይ እንዳለ ዘይት የሚንሾሾሽ ድምፅ ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ለቅሶ ላይ ድንኳን ተካዮቹ ሳይመጡ ቀሩ፤ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆመ። በሚቀጥለው ስብሰባ አለቃዬ ተነሣ።

"አትጨነቁ፤ ይሄ ማይኩ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለውን ስንቱን በእጄ..." እያለ ጣቶቹን አሳየን።

እኔ መስኮቱን አየሁ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መቅረጫውን በፌስታል አንጠልጥሎ ደጄ ላይ ቆመ።

"ቤቶች" አለ።

"ይግቡ" አልኩት። በሩ ክፍት ነበር፣ ጎረቤት ይሰማል።

ተቀመጠ። ስለ ጉልበቱ አወራኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። የእሱ ጉልበት ከእኔ ጉልበት እንደሚብስ ተስማማን። ከዚያ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይሄን እንኳ እኔው እሠራው ነበር" አለ። "ዓይኔ ነው አልታዘዝ ያለኝ።"

"ከሁለቱ እግሮች ግራውንዱ የትኛው ነው?" አልኩት።

"የምኑ?"

"የማይኩ።"

"እሱማ..." አለና ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ፤ "እንደ ማይኩ ነው።"

እንደ ማይኩ አይደለም። ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘው ነው፤ ሁልጊዜም እሱ ነው። ግን አላረምኩትም። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት ዕረፍት አለው።

"እሠራዋለሁ" አልኩት። "በአንድ ነገር ብቻ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ፣ እየተቀረጸ፣ እነዚያን ማይኮች የቀየረችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም ብለው ይናገሩ።"

"የትኞቹን?"

"ካዛንቺስ የነበሩትን።"

ትክ ብሎ አየኝ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ይዘሽው ኖርሽ?"

"እርስዎም የምስክር ወረቀቱን ይዘውት ኖረዋል።"

ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሲስቅ ጥፋቱ ሁሉ የተረሳ የሚመስለው ሰው ነው። በዚህ ሳቅ ነው ሦስት የመምሪያ ኃላፊ ያሳለፈው።

"እሺ፣ በቃ እላለሁ። 'እሷ ናት' እላለሁ። 'እኔ አይደለሁም' የሚለው ግን ምን ይሠራል? እሷ ናት ካልኩ ይገባል እኮ።"

"ለሁሉም አይገባም።"

"ለማን ነው የማይገባው?"

"ለታይፒስቷ" አልኩት።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ቀስ ብሎ፤ "እሷ አሁን የልጅ ልጅ ልትድር ነው።"

"ትዳር። ሰምታ ትዳር።"

ተስማማ። እኔ እንደሆንኩ ሰው ፊት ልጮህ፣ ከእሱ ጋር ልጣላ ፈልጌ አላውቅም። የፈለግኩት ያቺ ሴት በእሱ አፍ፣ በገዛ ድምፁ እንድትሰማው ነው። ሌላ ከማንም ምንም አልፈልግም።

ማይክ ፍለጋ ኦሎምፒያ ወረድኩ። ስልክ ከሚጠግኑት አንዱ ጋ መቅረጫውን ከፍቼ አሳየሁት።

"ማዘር፣ ይሄ ነገር እኮ ሙዚየም ነው" አለኝ። "ስልክ ይግዙና ይገላገሉ።"

"አንተስ ስታረጅ እንዲህ ነው የምትገላገለው?"

"እኔማ አላረጅም፣ ማዘር። በቃ ወደ አዲስ ስልክ ኮፒ እሆናለሁ" አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ባዶ እጄን ቤቴ ተመልሼ ስቀመጥ በቀቀኑን አየሁት። ምራቴ ነበረች ያመጣችልኝ፤ አረንጓዴ የፕላስቲክ በቀቀን። ያሉትን መልሶ ይደግማል። "ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው፣ እማዬ፤ የሚሉትን ይደግምልዎታል" ብላ ነው የሰጠችኝ። የምለውን መድገምማ ልጄም ይችላል፤ ከእሱ ቤት የጠፋው የሚሰማ ነው። በቀቀኑ ግን መስማቱን አረጋግጫለሁ፤ ከወጥ ቤት ሆኜ ለራሴ የማጉረመርመውን ሳይቀር ከሳሎን ይደግምብኝ ነበር። እንዲህ የሚሰማ ፍጥረት ጥሩ ማይክ አለው ማለት ነው።

ካቻቪቴ አምጥቼ ሆዱን ከፈትኩት። ማይኩ ልክ ነበር፤ ቁልፍ የምታህል፣ ሁለት እግር፣ አንዱ ከቆርቆሮው ጋር። ፈትቼ አወጣሁ፤ ሽቦውን አሳጥሬ በየድኩ፤ ከአሮጌ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ላይ ጎማ ቆርጬ አለበስኩት። ደንዳና ነው ያልኩት ጣቴ ሁሉን ያስታውስ ነበር። መቅረጫውን ዘግቼ ሳል አልኩ፤ ቀረጻውን ስከፍት ሳሌን ከነግርማው መለሰልኝ። በቀቀኑ አሁን መደርደሪያዬ ላይ ክንፉን ያራግባል፤ ምንም አይናገርም። እንዲህ ከሆነ ወዲህ ነው የወደድኩት። ምራቴ ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

"ሰለቸው" አልኳት።

ቀጥዬ እማማ ዘንድ ሄድኩ። እማማ በዕድሜ ብዙ የሚበልጡኝ ጎረቤቴ ናቸው። እልልታቸው የታወቀ ነው፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በእልልታ የዳሩ ሴት ናቸው። ጥርሳቸው ቢያልቅም እልልታው አላለቀም።

"እማማ፣ እሑድ እድሩ ላይ እልል ይሉልኛል?"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

"ልታገቢ ነው?"

"አይደለም። ሊቀመንበሩ ስለ እኔ መልካም ነገር ይናገራል።"

"እሱስ ከማግባት ይሻላል" አሉ። "መቼ ልበል?"

"ስለ እኔ መናገር ሲጀምር።"

እሑድ ደረሰ። እማማን ጆሯቸው ስለደከመ ከፊተኛው አግዳሚ አስቀመጥኳቸው። መቅረጫውን ከአለቃዬ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ጸሎት ተደረገ። የሞቱት ታሰቡ። የድንኳን ተረኞች ተነገሩ። ከዚያ አለቃዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"ይህን መቅረጫ ያዳነችልን እህታችን..." አለ።

እማማ ለቀቁት።

ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ በእድር ስብሰባ እልል አይባልም። እድር የሞት ማኅበር ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ደንግጠው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አንዲት ሴት "ማን ወለደ?" ብላ ጠየቀች። እማማ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ቀጠሉ። አለቃዬ ግን ንግግሩን አላቆመም። ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን አልክድም። አንገቱን ደፍቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው በፍጥነት፣ "ካዛንቺስ መሥሪያ ቤታችን የነበሩትን ማይኮች ሁሉ የቀየረችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም" አለ። ከዚያ እልልታው ሲያበቃ ቀና ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ "ለነገሩ ያን ጊዜ አለቃዋ እኔ ነበርኩ፤ ያሰለጠንኳትም እኔ ነኝ!" ሲል አዳራሹ ሳቀ። ይሳቅ አልኩ። የተባለው ተብሏል።

የሠራሁትን ሳልፈትሽ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን በጆሮዬ የሰማሁትን ምን እፈትሻለሁ ብዬ፣ ስብሰባው እንዳለቀ ቀረጻውን ለሩቆቹ ላክሁት። ታይፒስቷ ምሳዋን ሳትጨርስ እንድትሰማው ነበር የቸኮልኩት።

ማታውን አልጠበቀችም፤ ወዲያው ደወለች።

"እህት ዓለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አለችኝ።

"እንኳን አብሮ ደስ ያለን። ሰማሽው?"

"ሰማሁ እንጂ። እሳቸው እንዳሰለጠኑሽ እኮ እኔም አላውቅም ነበር። መቼም ልባቸው ሰፊ ነው። በእልልታ መመስገንሽም ደስ ብሎኛል፤ ሻይሽም ጥሩ ነበር።"

ስልኩን ዘግቼ ቀረጻውን ከፈትኩ። "ይህን መቅረጫ ያዳነችልን እህታችን" ይላል። የእማማ እልልታ ይመጣል። ከእልልታው ሥር ሩቅ የሆነ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ የመሰለ ማጉረምረም አለ። ከዚያ እንደ ቀን የጠራ ድምፅ ይመጣል፦ "አለቃዋ እኔ ነበርኩ፤ ያሰለጠንኳትም እኔ ነኝ!"

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የገባኝ መሆኑ ነው ያናደደኝ። እነዚህ መቅረጫዎች ጆሯቸውን ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ራሳቸው ይደፍናሉ። ድምፅ ዝቅ ሲል ይከፍታሉ፤ ጩኸት ሲመጣ ይደፍናሉ፤ ደፍነው ደግሞ ለመክፈት አይቸኩሉም። በቀቀኑ ማይክ ላይ ከሁለት ክንድ ርቀት የእማማ እልልታ ሲያርፍ መቅረጫው ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። አለቃዬ እውነቱን የተናገረው ለተዘጋ በር ነው። በሩ ሲከፈት ያገኘው ቀልዱን ነው። እልልታውን ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ "ሲጀምር" ብዬ።

በማግሥቱ ቤቱ ሄድኩ። አንቱ ማለቱን እንኳ የረሳሁት ይመስለኛል።

"ድገመው" አልኩት።

"ምኑን?"

"አልተቀረጸም።"

ቀረጻውን አሰማሁት። ሲጨርስ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። "እኔ ብያለሁ" አለ። "አዳራሽ ሙሉ ሰው ምስክር ነው። እግዜርም ሰምቷል። ሰው አንድን ኃጢአት ሁለት ጊዜ አይናዘዝም።"

ምስክር ያለውን አዳራሽ ልፈትን ብዬ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ ስለ እኔ ያሉትን ሰማችሁ? ሁሉም ሰምተዋል።

"እንዴት ያለ እልልታ ነበር" አሉኝ።

እማማ ራሳቸው፣ "ለመሆኑ ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ይሄን ካለማ እንደገና እልል ይገባዋል" አሉ፤ ሳይጀምሩ እጃቸውን ያዝኩ።

የሚቀጥለው ወር ስብሰባ ደረሰ። መቅረጫውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ የመቅረጹንም ሥራ ለእኔ ሰጥተውኛል። ሰው ገብቶ ቦታ ቦታውን ያዘ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ጎንበስ ብዬ፣ ጮክም ዝቅም ሳልል፣ በቀቀኑ በሚወደው ድምፅ ተናገርኩ።

"ይህ የመቅረጫ ሙከራ ነው። የዚህን መቅረጫ ማይክ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ካዛንቺስ በነበረው መሥሪያ ቤታችን የነበሩትን መቅረጫዎች ሁሉ ማይክ የቀየርኩትም እኔ ነኝ፤ ሊቀመንበራችን አይደሉም። ያሰለጠነኝ የለም። ሻይ ያፈላሁት በትርፍ ጊዜዬ ነው። ሙከራው አበቃ።"

ኮፍያቸውን አውልቀው የነበሩት አዛውንት፣ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ።

"ማይኩ እስኪሞቅ ነው" አልኩ።

የዚህ ዓይነት ማይክ አይሞቅም። የሚሞቅ ነገር የለውም፤ ቁልፉ እንደተጫነ ይሰማል። ሰው ሁሉ ወደ አለቃዬ ዞረ፤ ባለሙያው እሱ ነዋ። አንድ ቃል ቢናገር ያሳፍረኝ ነበር። መነጽሩን አስተካከለ፣ መቅረጫውን አየ፣ እኔን አየ።

"ልክ ናት። ማይክ መሞቅ አለበት" አለ። "በተለይ ትናንሾቹ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየወሩ አሞቀዋለሁ። ቃሉን አልለውጠውም፤ አንዳንዶቹ አብረውኝ ማለት ጀምረዋል፤ ጸሎቱ ውስጥ ያለ የሚመስላቸውም አሉ። ለሩቆቹ ሲላክ ከሁሉ ፊት የሚመጣው እሱ ነው። የሞተውንና የድንኳን ተራውን ለመስማት የፈለገ ሰው መጀመሪያ እኔን ይሰማል።

በቅርቡ ታይፒስቷ ደወለች። ሰላምታም አላበዛችም።

"ይሄ ማይካችሁ አሁንም አልሞቀም?"

"ገና ነው።"

"ስሚ" አለች። "አንቺ ነሽ የቀየርሽው። አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር፤ ፊት ለፊቴ ነበርሽ እኮ። በቃ? አሁን በቀጥታ ወደ ለቅሶው ግቡልኝ፤ የልጅ ልጅ ልድር ነው፣ ጊዜ የለኝም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት።

አለቃዬ ይህን ከእሷው ሰምቶ መጣና፣ እንግዲህ ካመነች ነገሩ ይብቃ አለኝ። አስቤበታለሁ። ማመኑን አምናለች። ግን ያመነችው በስልክ ነው፤ ስልኩን ደግሞ ማንም አልቀረጸውም። እሑድ ማይኩ ይሞቃል።